አያ ጅቦ የእናቱን ድምፅ ያኖረበት ዕቃ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ መብራት ገብቶላቸው፣ ስልክ ይዘው፣ ማታ ማታ በየቤታቸው ቴሌቪዥን ማየት በጀመሩበት ዘመን፣ ዝግባ ጉድባ በሚባል ሰፈር አንድ ጅብ ይኖር ነበር። ምን ታፈጥጣላችሁ? ጅብ ያወራል ስትባሉ ታምናላችሁ፣ ጅብ ቴሌቪዥን ያያል ሲባል ነው የሚገርማችሁ? ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

አያ ጅቦ ሁለት ነገር ይወዳል። አንደኛው መብላት ነው፤ ይህንን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም አያውቅበትም ነበር። የሞተች እናቱን ድምፅ ነው የሚወደው።

እናቱ በሕይወት ሳለች፣ ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል፣ ከዋሻው አፍ ቆማ ትጠራው ነበር። አገር ምድሩ የሚሰማው ድምፅ ነበራት። አያ ጅቦ የመጀመሪያ ስልኩን የገዛ ዕለት «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ የቀዳው ያንን ጥሪዋን ነው። ለሙከራ ነው የቀዳው እንጂ ትሞታለች ብሎ አይደለም። ማን እናቱ ትሞታለች ብሎ ያስባል? ብዙም ሳይቆይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ከዋሻው አፍ ቁጭ ብሎ ያንን ድምፅ ይከፍትና አልቅሶ አልቅሶ፣ አፍንጫውን ጠርጎ ወደ አደኑ ይሄዳል። ጅብ ነውና አይናፍቅም አትበሉ፤ እንዲያውም ሆደ ሰፊው ነው የሚብስበት።

ሆዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣበት። አያ ጅቦ የሚበላውን ሁሉ በቪዲዮ ይቀዳል። የበሬ ሻኛ ሲያገኝ ይቀዳል፣ የፍየል ጭን ሲያገኝ ይቀዳል፣ ያረጀ ጫማ ሲያኝክ እንኳ ይቀዳል። «ምን ያደርግልሃል?» ሲሉት «ክረምት ገብቶ ስራብ አየዋለሁ» ይላል። እውነትም ያየዋል፤ እያየ ምራቁን ይውጣል። አንድ ቀን ታዲያ ስልኩ «ሞልቻለሁ፤ አንዱን አጥፋ» አለው። የቱን ያጥፋ? ሻኛውን ሊያጠፋ አንጀቱ አልቻለም። የእናቱማ ጭራሽ አይታሰብም።

«ሰርቨር ግዛና ተገላገል» አሉት ጎረቤቶቹ።

ሰርቨር ማለት እንግዲህ የቤት ጎተራ በሉት። እህል ሳይሆን ፊልሙ፣ ዘፈኑ፣ ፎቶው፣ ድምፁ ነው የሚከተትበት። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፍተህ ያማረህን ታዘዋለህ፣ እሱ ያወጣልሃል። ጎተራ ግን ያለ ግድግዳ አይቆምም፤ የሰርቨርም ግድግዳው ውስጡ የሚገባው ማስቀመጫ ዕቃ ነው። አያ ጅቦም ሰርቨሩን ገዛና ያንን ዕቃ ፍለጋ ቅዳሜ ገበያ ወጣ።

የዕቃው ሻጭ ቀበሮ ነው። ነጭ ቆብ ደፍቶ፣ መቁጠሪያውን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ሱቁ ደጃፍ ይቀመጣል። የቀበሮ ባህታዊ ሲባል ሰምታችኋል? ያ እሱ ነው። ከሱቁ ውስጥ ቡሊት የምትባል አህያ ዕቃ ትመርጣለች። ቡሊት ልጆች የምታሳድግ፣ ጭነት የምታመላልስ፣ ነገር የማታበዛ እናት ናት። አያ ጅቦ ሲገባ ባየች ጊዜ ወደ ጥግ ተለጠፈች። ምስኪን፣ ምን ታድርግ? ገበያ መሀል ስለሆነ ነው እንጂ በሩን ይዛ በወጣች።

«ጋሽ ቀበሮ! ትልቁን አምጣ!» አለ አያ ጅቦ ገና ከደጅ።

«የምን ትልቁን?»

«ያለህን ትልቅ ሁሉ!»

ቀበሮ ፈገግ አለና ዕቃዎቹን ደረደረ። «ይሄውልዎ፣ ይህ ሃርድ ዲስክ ይባላል። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ትንሽ ይንጫጫል፣ ዘገም ይላል፣ ነገር ግን ከረዥም ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅ ዕቃ ነው። አራት ቴራ ይይዛል።»

«ቴራ ምንድነው?»

«የሆዱ ስፋት ነው፣ አያ ጅቦ።»

«እንዲህ ስትነግረኝ ይገባኛል። አራት ምን አላት! ሌላ።»

«ይህ ደግሞ ኤስ ኤስ ዲ ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ያዘዙትን ያወጣል። ዋጋው ግን ወገብ ይቆርጣል። ሆዱ አንድ ቴራ ነው።»

«አንድ? ለጅብ አንድ? ትሰድበኛለህ እንዴ?»

ቀበሮ መቁጠሪያውን ሁለት ጊዜ አንቀጫቀጨና ከመደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ የምታብረቀርቅ ነገር አወጣ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ይህቺን ለማንም አላሳይም። ለእርስዎ ስለሆነ ነው። ሃያ ቴራ!»

«ሃያ!»

«ላይዋ ላይ ተጽፏል፤ ያንብቡት።»

አያ ጅቦ ማንበብ አይችልም፤ ግን አፍጥጦ ሲያይ ቆየና «እውነት ነው» አለ። በመዳፉ ሲይዛት ደግሞ ላባ ሆነችበት። መቅለሏ ራሱ ደስ አሰኘው። ዋጋዋን ቢጠይቅ ከሃርድ ዲስኩ ረከሰች። የትልቅ ዕቃ ዋጋ ከትንሹ ሲያንስ አንድ ነገር እንዳለ ማን ይንገረው? ጎድን የሞላበት ዘንቢሉን ለቀበሮ አስረክቦ ዕቃዋን በጉያው ወሸቃት።

ቡሊትም ተራዋ ደረሰና «እኔ ያንን የሚንጫጫውን» አለች። «ሁለት አድርግልኝ።»

«እመት ቡሊት፣ ያለሽ እኮ የልጆችሽ ፎቶና ጥቂት ዘፈን ነው። አንዱ ተርፎሽ ነው!» አላት ቀበሮ፣ መሸጥ የሚወደው ቀበሮ እንኳ ግራ ገብቶት።

«እሱማ ይበቃኛል። ግን አንዱን በምን ልሸከመው? ጭነት በአንድ ጎን ይሄዳል እንዴ? ያጋድላል እኮ!»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። «አንቺ አህያ! እቺን ለምታክል ሳጥን ነው የምታጋድይው?»

«ሳቁ፣ ሳቁ» አለች ቡሊት። «ጀርባው የኔ ነው።»

እቤቷ ገብታ ደግሞ ሌላ አደረገች። ፎቶውንም፣ ዘፈኑንም፣ ድምፁንም አንዱ ሳጥን ውስጥ ያስገባችውን ሁሉ መልሳ ሁለተኛው ውስጥ አስገባች። ለምን? አንዱ ፎቶ በዝቶበት ከከበደ ሚዛኑ ይዛባል ብላ ነው! ፎቶ ክብደት እንደሌለው የነገራት የለም፤ ቢነግሯትም አታምንም ነበር። በሳምንቱ ከገደሉ ማዶ የምትኖር ታላቅ እህቷ «የልጆቹን ፎቶ አሳዪኝ፣ ናፈቁኝ» ብላ ላከችባት። ቡሊት አንደኛውን ሳጥን በአንድ ጎን፣ ድንጋይ በሌላው ጎን ጭና ወሰደችላትና እዚያው አደራ ብላ ትታላት ተመለሰች።

አያ ጅቦስ? አያ ጅቦ ዕቃዋን ከሰርቨሩ ጋር አገጣጠመ። ከሁሉ በፊት የእናቱን ድምፅ አስገባ። «እማዬ ትቅደም» አለ፣ ደንብ ነውና። ከዚያ ሻኛውን፣ ጭኑን፣ ጎድኑን፣ ጫማውን አስከተለ። ሁሉ ከገባ በኋላ ቀበሮ እንደመከረው ስልኩን ባዶ አደረገና እንደገና መቅዳት ጀመረ።

ያ ዓመት ደግሞ የጥጋብ ዓመት ሆነ። ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ በዓሉ ተደራረበ። አያ ጅቦ ይበላል፣ ይቀዳል፣ ያስገባል። ዕቃዋ አንድም ቀን ሞላሁ አላለችም። «ምነው ሆዴ እንደዚች በሆነ!» እያለ ለጎረቤት ሁሉ ያወራላት ነበር። እናቱንም እንደ ድሮው በየምሽቱ አይሰማትም። አለች፣ እቤት ናት፣ የት ትሄዳለች ብሎ ነው። እኛስ ያለንን ነገር መች እናየዋለን?

የዕቃዋን ነገር ልንገራችሁ። ላይዋ ላይ ሃያ ይባል እንጂ ውስጧ እፍኝ አይሞላም። ቀበሮ ነው ጽሑፉን የለጠፈባት። ስትሞላ ሞላሁ አትልም፤ አዲስ ሲሰጧት የቆየውን እየዋጠች ትቀበላለች። ስሙን ትተወዋለች፣ ውስጡን ትበላዋለች። ከሁሉ የቆየው፣ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ማን ነበር? እንግዲህ አስቡት። አያ ጅቦ ሥጋ ባስገባ ቁጥር እናቱ እየተበላች ነበር፣ እሱም አላወቀም።

ክረምት ገባ። ጥጋቡ አለፈ። አንድ ቀን አያ ጅቦ ከብት ሊሰርቅ ገብቶ ውሾች ዘለዘሉት። እያነከሰ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ በዝናብ በስብሶ ዋሻው ደረሰ። የሚበላ የለም፣ ቁስሉን የሚልስለት የለም። ያን ጊዜ እናቱ ናፈቀችው። ሽንጡን የሚቆርጥ ናፍቆት ያዘው። «ዛሬስ ድምፅሽን ልስማው እማዬ» አለና ሰርቨሩን ከፈተ። ስሟ አለ፤ ከሁሉም በላይ፣ መጀመሪያ ላይ «እማዬ» ይላል። ተጫነው።

ቀርጨጭ። ቀርጨጭ። ቀርጨጭ።

የራሱ ጥርስ ነው። አጥንት ሲሰብር የተቀዳ የራሱ ጥርስ ነው የተሰማው። አጠፋና መልሶ ከፈተ። ቀርጨጭ። መታው፣ ነቀነቀው፣ ለመነው። ቀርጨጭ። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል፤ እናቱ ሁለት ጊዜ የሞተችበትስ ከማን እኩል ያልቅስ? አያ ጅቦ መሬቱን በጥርሱ እየነከሰ አለቀሰ።

በነጋታው እያነከሰ ቀበሮ ዘንድ ሄደ። «ሃያ ነው አልከኝ! እናቴን መልስ!»

ቀበሮ በሩን ገርበብ አድርጎ አፍንጫውን ብቻ አወጣ። «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል፣ አያ ጅቦ። ስንት ይይዛል ብለው ጠየቁኝ እንጂ፣ የሰጡትን ይጠብቃል ወይ ብለው መች ጠየቁኝ?» አለና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። አያ ጅቦ በሩን ቢቧጥጥ፣ ቢጮህ የሚመልስለት አጣ።

ወደ ዋሻው ሲመለስ መንገዱ በቡሊት አጥር ሥር ያልፋል። ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ጭንቅላቱን ደፍቶ ሲጎተት፣ ከአጥሩ ውስጥ «ዉዉዉዉ... ዉፕ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አያ ጅቦ ባለበት ደረቀ። እናቱ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጅቦ እናት በሕይወት ሳለች ድምፅዋ የአህዮች ሁሉ ጭንቅ ነበር። ቡሊት አንድ ምሽት በአጥሩ ቀዳዳ ስልኳን አውጥታ ቀዳችውና አስቀመጠችው። አሁን ውርንጭሎቿን ሰብስባ ታሰማቸዋለች። «ይህን ድምፅ የሰማችሁ ለት ጭነቱንም ጣሉ፣ ሣሩንም ጣሉ፣ እግሬ አውጪኝ ነው!» ትላቸዋለች። ትምህርት ነው እንግዲህ፤ የአህያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ትምህርት።

«እማዬ!» አለ አያ ጅቦ ከውጭ፣ ሳያስበው።

ቡሊት ድምፁን አጠፋች። ውርንጭሎቹ እናታቸው ሆድ ሥር ገቡ።

«ማነው?» አለች ቡሊት።

«እኔ ነኝ... ጅቦ።»

«በሩ ተቆልፏል! ዱላ አለኝ!»

«አልገባም፣ እመት ቡሊት፣ አልገባም። እባክዎ፣ ያንን ድምፅ አንዴ ይድገሙልኝ።»

አንቱ አላት! ሰማችሁ? ጅብ አህያን አንቱ አለ። ቡሊት ግን ሞኝ አይደለችም። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል፣ አውቅሃለሁ» አለችው። አያ ጅቦ ከአጥሩ ርቆ ጭቃው ላይ ተቀመጠና የሆነውን ሁሉ ነገራት። ስለ ሃያ ቴራዋ፣ ስለ ቀበሮ፣ እናቱን በተጫነ ቁጥር ስለሚሰማው የራሱ ጥርስ ነገራት።

«ነገ ጠዋት ና» አለች ቡሊት በመጨረሻ። «ላስብበት።»

ሌሊቱን ምን ያህል እንዳሰበች አላውቅም፤ ሰማዩ ግን አላሰበላትም። ያ የክረምት በረዶ ወረደና የቡሊትን ጣሪያ ቀደደው። ጠዋት አያ ጅቦ ሲደርስ ቡሊት ደጃፏ ላይ ቆማለች። ከእግሯ ሥር ያ የሚንጫጫው ሳጥን ወድቋል፤ ሲያዘነብሉት ውሃ ይንጠባጠባል።

«ጨርሶ?» አለ አያ ጅቦ።

«ጨርሶ።»

አልጮኸም። ተቀመጠ፣ ከዚያ ተኛ፣ ፊቱን ጭቃ ውስጥ ቀበረ። ቡሊትም ዓይኗ እንባ ሞላ። የልጆቿ የመጀመሪያ እርምጃ እዚያ ውስጥ ነበር። የሟች እናቷ ማናፋትም እዚያ ውስጥ ነበር። ሁለቱም ለየብቻቸው፣ አንዱ ከአጥር ውጭ፣ አንዷ ከአጥር ውስጥ ሆነው አለቀሱ።

ድንገት ቡሊት ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። «ቆይ! ጭነቱ እኮ ሁለት ነው!»

«ምኑ?»

«ሳጥኑ! ወንድሙ እህቴ ዘንድ አለ! እናትህም፣ እናቴም እዚያ አሉ!»

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ አባቶች። ቡሊት ለጀርባዋ ብላ የተከለችው ሁለተኛ ባላ አገር ማዶ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ችግሩ መንገዱ ነው። ገደሉ ሥር ያለው ጫካ የጅብ አገር ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጅቡ ሁሉ ይራባል፤ ቡሊት ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ያላለፈችበትም ለዚሁ ነው።

«እኔ እሸኝዎታለሁ» አለ አያ ጅቦ። «ከኔ ጋር ከሆኑ ማንም አይነካዎትም።»

«አንተስ?»

አያ ጅቦ ወደ ሆዱ አየ። ከበላ ሰንብቷል፤ ሆዱ ሲጮህ ለሷም ይሰማታል። ቡሊት አየችው፣ አሰበች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአጥሩ ሥር አንድ ድብልብል ድንጋይ በአፍንጫዋ ገፋችለት። «ይህን በአፍህ ያዝ። እቤቴ እስክመለስ እንዳትጥለው።»

እሱም ያዘ። አፉን ሞልቶ፣ ጉንጩ አብጦ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ ከኋላዋ ተከተለ። ጫካው ውስጥ ያሉት ጅቦች ሲያዩ ጉድ አሉ። «አያ ጅቦ፣ ምንድነው?» ይሉታል። «ምምም» ይላቸዋል። የያዘው አጥንት መስሏቸው፣ አህያዋም የሱ ድርሻ መስላቸው አሳለፉት። የቡሊት እህትም በመስኮት ስታያቸው «አብደሻል!» ብላ ጮኸች። ሳጥኑን ግን በደህና ጨርቅ ጠቅልላ አወጣችላት። ቡሊት በአንድ ጎን ሳጥኑን፣ በሌላው ጎን እንደ ልማዷ ማመዛዘኛ ድንጋይ አስጭና ተመለሰች።

ገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ሞልቶ ጎድሎ፣ ዳር ዳሩ ማጥ ሆኗል። ቡሊት መሀል ላይ እግሯ ከዳት። እስከ ሆዷ ሰመጠች። ብትፍጨረጨር ይብሱን ገባች። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ዘመመ፣ የሳጥኑ ጨርቅ ጭቃውን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

አያ ጅቦ ዳር ቆሞ አያት። ድንጋዩ ከአፉ ወደቀ።

ቡሊት ድንጋዩ ሲወድቅ ሰማች። ዞር ብላ አየችው። ጥርሱ ተገልጧል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ለሃጩ ይወርዳል። መሮጫ የላትም። «አያ ጅቦ...» አለች። የሆድ ነገር ሆድ ይቆርጣል፤ አያ ጅቦም ሆዱ እየቆረጠው ነበር። አንዴ ቢነክስ ይጠግባል። ማንም አያየውም። ደግሞም ሳጥኑን ይዞ መሄድ ይችላል፣ ይህም በሐሳቡ መጣ። ቀረብ አለ። ግን ጀርባዋን ሲያይ እዚያ ላይ ያለው የእናቱ ድምፅ ትዝ አለው። ይህቺ አህያ እናቱን አዝላለች። እናቱን ያዘለችን እንዴት አድርጎ ይነክሳል?

አፉን ከፈተና ነከሰ። የነከሰው ግን የጭነቱን ጠፍር ነው። አራት እግሩን ተክሎ፣ የቆሰለው እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ጎተተ፣ ጎተተ፣ ጎተተ። ቡሊት ጭቃዋን ተሸክማ ወጣች። ሁለቱም ደረቁ ላይ ተዘርረው ሲያለከልኩ ቆዩ። ከዚያ አያ ጅቦ ተነሳና፣ ማንም ሳይነግረው፣ ያንን ድንጋይ ፈልጎ መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ። ቡሊት ይህን ስታይ ነው ልቧ ወደ ቦታው የተመለሰው።

እቤት ሲደርሱ ጀምበር ዘቅዘቅ ብላለች። ቡሊት ገባች፣ በሩን ቀረቀረች። ምን ይሁን ትላላችሁ፣ ያው ጅብ ነው። አያ ጅቦም ድንጋዩን አስቀምጦ ከአጥሩ ውጭ ቁጭ አለ። ውስጥ ሳጥኑ ሲንጫጫ ተሰማው፤ ከዚያ ዘገም ብሎ፣

«ዉዉዉዉ... ዉፕ!»

ውርንጭሎቹ እናታቸው ሥር ተሸጎጡ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ አንድ ትልቅ፣ የቆሰለ ጅብ ጅራቱን እንደ ቡችላ እያወዛወዘ «መጣሁ እማዬ! መጣሁ!» ብሎ ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ የሚሄድበት እንደሌለ ትዝ ሲለው ቆመ። ተመልሶም ተቀመጠ።

«ከዚህ ላይ እቀዳልሃለሁ» አለች ቡሊት ከውስጥ። «ሁለት ትንንሽ ሳጥን አምጣ። አንተ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለህ፣ ትልቅ አያስፈልግህም።»

«አንደኛውን እርስዎ ዘንድ በአደራ ያስቀምጡልኝ» አለ አያ ጅቦ። «እኔ ራሴን አላምነውም።»

ቡሊትም እነዚያን ሁሉ ዓመታት ስትፈራው የኖረችውን ነገር ጠየቀችው። «ይህ ድምፅ ምን ማለት ነው? ምን እያለች ነው የምትጮኸው?»

«እኔን መጥራቷ ነው» አለ አያ ጅቦ። «‹ና ሆዴ፣ ና ግባ፣ ራትህ ደርሷል› ነው የምትለኝ።»

ቡሊት ያንን ድምፅ የቀዳችበትን ምሽት አስታወሰች። ያን ዕለት ታናሽ ወንድሟ ሣር ሊግጥ ወጥቶ አልተመለሰም።

«የዚያን ለት ራትህ ምን ነበር?» አለችው በቀስታ።

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም። ልጆቿን ወደ ሆዷ አስጠጋቻቸው፣ እንባዋን በጉልበቷ ጠረገች።

«ልድገምልህ?» አለችው።

ደገመችለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ማስቀመጫ ልንገዛ ስንወጣ ስንት ይይዛል ብለን ከመጓጓታችን በፊት ቢጠፋ የሚያስለቅሰን የትኛው እንደሆነ ለይተን ማወቅ፣ እሱንም ሳይጠፋብን በሁለት ቦታ ማኖር እንዳለብን ነው፤ አለዚያ ናፍቆታችንን ከጠላታችን አጥር ሥር ቆመን ለመለመን እንገደዳለን።